በማለዳ የተከተሉን ሰዎች

በአንዲት እናት በረንዳ ላይ ቆመን ሳለን አንድ ቃል ተነገረ። ቃሉ ተራ ነው፤ ለእንግዳ፣ ለሽማግሌ፣ ታክሲ ውስጥ ለደከመው ሰው በየቀኑ የምንለው ነው። ያን ዕለት ግን መንደር ሙሉ ሰው አስለቀሰ። ተናጋሪው እኔ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴ ሂሩት ደግሞ «አንተ አይደለህም፣ ደላላው ነው» ትለኛለች፤ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ኖረናል። ታሪክ ያጠናሁና ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን «የዓይን ምስክርም ይሳሳታል፣ ከሌላ ምስክር ጋር ሳታመሳክሩ አትቀበሉት» እላቸዋለሁ። በራሴ ላይ ሲደርስ ግን ማመሳከሩ የሚያሳርፍ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ ነገሩን እንደማስታውሰው እጽፈዋለሁ፤ የምጠራጠረው ቦታ ላይ ስደርስም መጠራጠሬን አልደብቅም።

ያን ጊዜ የምንኖረው አሁንም የምንኖርበት ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነበር። ከመስኮታችን ፊት ለፊት የብሎኬት ማምረቻ አለ። ማሽኑ ጠዋት ሲነሳ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ከአጠገቡ እብነ በረድ ይቆረጣል፤ ነጩ ዱቄት መስኮት ቢዘጋም መንገድ አያጣም። ሂሩት አስም አለባት። ሐኪሟ «መድኃኒቱን እኔ አዝልሻለሁ፤ ከአቧራው ግን የምትርቂው አንቺው ነሽ» ብሏታል። ወዴት እንደምትርቅ አልነገራትም። ወደ ከተማው ዳር እንውጣ ብንል ለቡም ፉሪም ግንባታ ነው። ሰፈራችን ትናንት የጤፍ ማሳ እንደነበረ ነባሮቹ ገበሬዎች ይነግሩናል፤ ሲነግሩን የሚያጽናኑን ይመስላቸዋል።

ከአቧራው ይልቅ ሂሩትን የጎዳት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው። ከገበያ ስትመለስ ትንፋሿ አጥሮ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከላይ የሚወርዱ፣ ከታች የሚወጡ ሰዎች «ይቅርታ» እያሉ በጎኗ አለፉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ መንገድ የዘጋች መስሏቸው ነው። ማታ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «ብወድቅ ስሜን ጠርቶ የሚያነሳኝ ሰው ያለበት ቦታ ውሰደኝ» አለችኝ፣ እንዲሁ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

ታደለ በር ለበር ጎረቤታችን ነበር። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፤ የሰው ቤት ወለል ሲያሳምር ውሎ ማታ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ወደ ኪራይ ቤቱ ይገባል። ያደገባትን ትንሽ ከተማ ስሟን አልጽፍም፤ ሰዎቿ አሁንም አሉ። እሱ ግን ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር ሳያነሳት አያልፍም ነበር።

«እዚያ ጠዋት የሚቀሰቅስዎት ወፍ ነው፣ ጋሼ።»

«እዚህስ ማን ይቀሰቅስሃል?»

«እዚህማ አከራዬ ናት። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ እሷም ትዘምራለች።»

አንድ ቀን የእናቱን ቤት ሊሸጥ እንደሆነ ነገረኝ። ፉሪ የተጀመረ ቤት አግኝቷል፤ የእናቱ ቤት ካልተሸጠ የፉሪው ያመልጠዋል። ቤቱ አባቱ ሲሞቱ ለእሱና ለእናቱ የተላለፈ ነው። «እማዬም ብቻዋን ናት፤ እኔ ጋ አመጣታለሁ» አለኝ።

«እሳቸው ምን አሉ?»

መልሱን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ግን በትክክል አልሰማውም። «ተስማምታለች» ነው ያለኝ ወይስ «ትስማማለች»? በሁለቱ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ሰው ደረጃ እየወረደ ሊውጠው የሚችል ነው። እኔ የሰማሁት የፈለግኩትን ነው።

ፎቶዎቹን በስልኩ አሳየን። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነው። ጓሮው ጌሾ፣ ጎመንና አንድ ሽማግሌ የብርቱካን ዛፍ አለው፤ የራሱ የውሃ ጉድጓድም አለው። ሂሩት ፎቶውን በጣቶቿ እያሰፋች ጠፋችበት።

«ይሄ መስኮት በየት በኩል ነው?»

«በምሥራቅ።»

«በቃ፣ አልጋዬ እሱ ሥር ነው።»

«ሰው የሚኖርበት ቤት ነው እኮ፣ ሂሩቴ።»

«ገና አልተኛሁበትም፣ ምን ያስቸኩልሃል? ይልቅ የታሪክ መምህሩ ዶሮ ሲያባርር ለማየት ነው የቸኮልኩት።»

ከዚያ በኋላ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳለ አጠያየቅኩ፤ መምህር አይጠላም አሉኝ። ያጠራቀምናት ለአዲስ አበባ ከንቱ የሆነች ገንዘብ እዚያ ቤት ትሆናለች። ሂሩት የጉልት ሴቶቹን ስም ገና ሳታያቸው ታወጣላቸው ጀመር።

የምንሄደው ቅዳሜ ነበር፣ ታደለም አብሮን ሊሄድ። በጠዋቱ በራችንን አንኳኳ። የሥራ ልብሱን ለብሷል።

«አሠሪዬ አልለቅም አለኝ። ደላላው ጌትነት መናኸሪያ ይጠብቃችኋል» አለ።

«እናትህስ?»

«ነግሬአታለሁ።»

ሲናገር የበራችንን እጀታ ነበር የሚያየው። ይህን ያኔ ማየቴን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ኋላ የጨመርኩት ሊሆን ይችላል።

ከለቡ በሚኒባስ ዓለም ገና ወጥተን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ያዝን። ፋብሪካዎቹ አልቀው ማሳው ሲከፈት ሂሩት መስኮቱን ገፋ አድርጋ ፊቷን ለንፋሱ ሰጠች። ብዙ ከቆየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰማኸው?»

«ምኑን?»

«ደረቴን። አላፏጨም።»

ስንደርስ ጀምበር ልታዘቀዝቅ ነበር። ጌትነት ቀጭን፣ ዙሪያውን ሳያይ የማይናገር ሰው ነው። ከመንገዱ ማዶ አቁሞ ቤቱን በአገጩ አሳየን። በአጥሩ ክፍተት አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው በረንዳውን ሲጠርጉ ይታያሉ።

«ለእኛ ብለው ነው የሚያጸዱት» አለች ሂሩት።

«ገባ ብለን ሰላም ብንላቸውስ?» አልኩት ጌትነትን።

«ኧረ ተው ጋሼ፤ ሌላ ደላላ ካየን ነገ በሩ ላይ ሌላ ገዢ ነው የሚቆመው።»

እራት እየበላን የነገውን አሰናዳልን። አዋሳኞቹ፣ ማለት በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶች፣ ድንበሩን ቆመው ካላሳዩ ሽያጩ የነገ ክስ ነው አለ። እሑድ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን በፊት በማለዳ ይዟቸው ይመጣል።

«ጉዳዩን ያውቃሉ?» አልኩት።

«ምን በወጣኝ? ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተዋል፣ የታደለ ጉዳይ ነው፣ በማለዳ ትፈለጋላችሁ፤ ይሄንኑ ብቻ ነው ያልኳቸው። ከዚያ በላይ አፌን ከከፈትኩ እንጀራዬን ለሌላ ሰጠሁ ማለት ነው።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቼ ወጡን አጠቀስኩ። ያደግኩት በዚህ አገር ነው፤ በማለዳ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማላውቅ አልነበርኩም። ግን ሐሳቤ ሁሉ ቤቱ ላይ ነበር።

ጠዋት ጉም ነበር። ሂሩት ብርዱ ደረቷን እንዳይነካት ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች፤ እኔ ጥቁር ካፖርቴን ለብሻለሁ። በስተቀኝ ያሉት አዋሳኝ ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ቶሎ አልለቀቁኝም። «እንደምን አደራችሁ» አሉ በዝቅተኛ ድምፅ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም። እንዴት ያለ የጨዋ ሰው ወግ ነው አልኩ በልቤ። በስተግራ ያሉት አዋሳኝ፣ ባል የሞተባቸው ሴት፣ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀላቀሉን። ሂሩት ነጠላው ለሐዘን እንደሚለበሰው ተዘቅዝቆ ነበር ትላለች። እኔ አላየሁም።

መንገዱን ስንጀምር አንድ ባለሱቅ መዝጊያውን ከፍቶ ዕቃ ሊያወጣ ነበር። አየን፤ ጋሽ ደምሴን አየ፤ መዝጊያውን መልሶ ዘጋና ከኋላችን ገባ። ከቦኖ የምትመለስ ሴት ጀሪካኗን መንገድ ዳር አስቀምጣ ተከተለችን። ሌላ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ተከተለን። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ዞር ባልኩ ቁጥር ሰዎቹ በዝተዋል፤ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው።

ሂሩት ክንዴን ጨበጠችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ላፍቶ የገባን ዕለት ፍራሻችንን በደረጃ ስንጎትት ዞር ብሎ ያየን የለም እኮ። እዚህ ገና ሳንገዛ ሰው ይሸኘናል።»

እኔም እንደ እሷ አሰብኩ። ልጽፈው የሚገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ያ መንገድ እስኪያልቅ ድረስ ደስተኛ ነበርኩ። ደስታዬን አልጠራጠርም፤ እሱ ብቻ ነው በሚገባ የማስታውሰው።

ጌትነት ግን እየዞረ ያያል። «ምን ነካቸው? ማን ነገራቸው?» ይለኛል። ሚስጥሩ ወጥቶ ተፎካካሪ የመጣበት መስሎት ነበር።

በሩ ክፍት ነበር። የታደለ እናት እማማ በለጡ በረንዳው ላይ ቆመው በሰፌድ ስንዴ ያበጥራሉ። መጀመሪያ እኔን አዩኝና ፊታቸው በራ። «ደኅና አደራችሁ፤ ግቡ፣ ግቡ እንጂ» አሉ። በረንዳው ላይ ወጣን። ቀጥሎ ጋሽ ደምሴን አዩ፤ ቀጥሎ ከጋሽ ደምሴ ኋላ ያለውን ሰው። ስንዴው እንዳይደፋ ተጠንቅቀው ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ደምሴ፣ ምንድን ነው?»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ እኔን ያየኛል።

«እማማ፣ ከታደለ ዘንድ ነው የመጣነው» አለ ጌትነት።

«ታደለ ምን ሆነ?»

የበረንዳውን ምሰሶ ሊይዙ እጃቸውን ሰደው ሳቱት። ይወድቃሉ ብዬ ፈራሁ፤ አጠገባቸው በርጩማ ነበረ። «ይቀመጡ፣ እማማ» አልኩ። ወይም ጌትነት አለ።

በራሷ ቤት፣ በራሷ በረንዳ ላይ ባለቤቲቱን «ይቀመጡ» የሚላት እንግዳ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እማማ በለጡ ይህን ያውቃሉ፤ የተከተለንም ሰው ሁሉ ያውቃል። «አልቀመጥም» አሉ፤ ድምፃቸው ያልተጠበቀ ጸጥታ ነበረው። «ቆሜ ንገሩኝ።» የሚነግራቸው ጠፋ፤ ማንኛችንም የምንናገረው አልነበረንም። ዝምታችንን ሰሙት። እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄዶ ሻሻቸውን ፈታ፤ ከዚያ ወደ ጉንጫቸው ወረደ።

ከኋላችን የነበሩት ሴቶች አንድ ላይ ጮኹ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ገቡ። እማማ በለጡ እየተወዛወዙ አንድ ነገር ይደጋግማሉ፦ «ያ ጫማ ጠቦት ነበር፤ ጠቦኛል ብሎኝ ነበር፤ ሳልለውጥለት።» የየትኛው ዓመት ጫማ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሂሩት ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ታደለ ሞቷል እንዴ?»

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ የምነግርህ ነገር ለተማረ ሰው የሚያሳፍር ነው፤ እኔም አመንኩ። አብሮን አለመምጣቱ ትዝ አለኝ። ሕዝቡ በማለዳ መከተሉ ትርጉም አገኘ፦ ሌሊቱን ስልክ ተደውሎላቸው ይሆናል፤ የማያውቁት እኛ ብቻ ነን። እነሱ ደግሞ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን ብለው እየጠበቁ ነው። እንዲህ ሆኖ በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ሁሉም አለቀሰ።

ጌትነት የታደለን ስልክ ይሞክራል። «ዝግ ነው» ይላል። እንደገና ይሞክራል። «ዝግ ነው፣ ጋሼ።»

የጋሽ ደምሴን ክንድ ያዝኩ። «ማን ነው የነገራችሁ?»

እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው አዩኝ። «የምትነግሩን እናንተ ናችሁ እንጂ።»

«እኔ የመጣሁት ቤት ልገዛ ነው።»

«ምን?»

«ይሄን ቤት። ታደለ ሊሸጥልኝ። ድንበሩን እንድታሳዩን ነበር የተጠራችሁት።»

የበረንዳውን ምሰሶ ደገፍ አሉ። ልቅሶው በዙሪያችን ቀጥሏል፤ ከአጥሩ ውጭ የእድሩ ጥሩምባ መነፋት ጀምሯል። «ታዲያ ልጁ አልሞተም?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ጋሽ ደምሴ እማማ በለጡን አዩ፤ ወደ እሳቸው አንድ ርምጃ ሄደው ቆሙ። «አልሞተም ብያት ሞቶ ቢገኝስ? ሁለት ጊዜ ልገድላት ነው?» አሉ። «ድምፁን ፈልጉልኝ።»

ድምፁን ፈለግን። ሂሩት ከግቢው ጥግ ብርቱካኑን ተደግፋ በትንፋሽ እጥረት ታፍናለች፤ በአንድ እጇ መድኃኒቷን እየሳበች በሌላው ለታደለ ሚስት ትደውላለች። ይጠራል፤ አይነሳም። እሑድ ነው፤ ሃና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ትሆናለች። ድንኳን የተሸከሙ ሰዎች ገቡ፤ ምሰሶ መትከል ተጀመረ። ከሩቅ መንደር ሰው ይመጣ ጀመር። የመጣው ሁሉ እማማ በለጡን አቅፎ ሲያለቅስ፣ ድንኳኑ ሲወጠር፣ ስንዴው ሲረገጥ እያየሁ ቆምኩ። ጊዜው ምን ያህል እንደረዘመ አልናገርም፤ ጌትነት አጭር ነበር ይላል፣ ለሂሩት ግን ቀን ሙሉ ነው።

በመጨረሻ ሂሩት እጇን አነሳች። ሮጥኩ። ስልኩ ውስጥ የታደለ ሚስት ድምፅ ነበር፤ «አለ እኮ። ከሌሊት ጀምሮ ስልኩን አጥፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምን ሆናችሁ? የምን ጩኸት ነው?»

«ቀስቅሺው» አለች ሂሩት፤ ከዚህ በላይ ትንፋሽ አልነበራትም።

ስልኩን ጋሽ ደምሴ ተቀበሉኝ። ሴቶቹን ገለል አድርገው እማማ በለጡ ፊት ተንበረከኩ፤ ጌትነት ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተው።

«እማዬ።»

ልቅሶው ከቅርብ ወደ ሩቅ እየተቋረጠ ጠፋ። እማማ በለጡ ስልኩን እንጂ ሰውን አላዩም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አንተ ማን ነህ?»

«ታደለ።»

«የማን ታደለ?»

«ያንቺ። ምን ሆነሻል?»

«አባትህ ማን ብሎ ይጠራህ ነበር?»

«ድምቡሼ» ሲል ግቢው ሁሉ ሰማው። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋ ከለቅሶዋ አልተለየም። እማማ በለጡ ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት፤ ከቧጠጡት ጉንጭ የወጣው ደም የስልኩን መስታወት ነካው።

«ታዲያ ሰው ለምን ላክህብኝ?»

«ቤቱን ሊያዩ ነው፣ እማዬ። ልነግርሽ ስደውል አፌ እምቢ ይለኛል። እንዴት ነሽ ብዬ እዘጋለሁ።»

«የትኛውን ቤት?»

«ቤታችንን።»

ቀና ብለው ቤቱን አዩት፤ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ይመስል። «ይሄን?»

«አዎ።»

«ይሄን ብቻ ነው?»

ከዚያ ሳቁ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ሳቅ አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈልግም። የጋሽ ደምሴን ትከሻ ተደግፈው ተነሱና የእኔንና የሂሩትን እጅ ያዙ። «ቤቱን ነው የፈለጋችሁት? በሉ ውሰዱት። ልጄ ካለ ምን ያደርግልኛል? ግቡ፣ ላሳያችሁ።»

አሳዩን። ሻሻቸው ተፈትቶ፣ ጉንጫቸው ላይ ደሙ እየደረቀ፣ ከክፍል ክፍል እየመሩ አሳዩን። «ይሄ በር ክረምት ላይ ያብጣል፤ ከታች በእግርሽ ገፋ አድርጊው። ቆርቆሮው እዚህ ጋ ያፈሳል፣ ሳፋ አስቀምጡለት። ጉድጓዱ በበጋ ያታልላል፣ ጎንበስ ተብሎ ሲታይ ውሃ ያለ ይመስላል።» ባለቤታቸው የሞቱበትን አልጋ ዳሰሱ። ታደለ የተወለደበትን ጥግ አሳዩን። ሂሩት ስታስል ሰሙና ቆሙ። በምሥራቅ በኩል ያለውን መስኮት ከፈቱት።

«አልጋሽን እዚህ አድርጊው፣ ልጄ። የጠዋት ፀሐይ ለደረት ጥሩ ነው።»

ሂሩት ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት አልሄድኩም፤ እማማ በለጡ እጄን አልለቀቁኝም ነበር።

ውጭ ድንኳኑን ያጥፋሉ። «ዕድሜው ረዝሟል፣ ዕድሜው ረዝሟል» ይባባላሉ፤ በሐሰት የተለቀሰለት ሰው ብዙ ይኖራል ይላሉና። ጌትነት ወረቀቱን ይዞ ወደ ጋሽ ደምሴ ጠጋ አለ፤ ሰው አንዴ ከተሰበሰበ አይቀር ብሎ ይሆናል። እሳቸውም ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «ድንበሩን ሌላ ቀን ና፣ አሳይሃለሁ» አሉት። «ዛሬ እግሬ ለዚያ አልመጣም።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሂሩት መስኮቱን አልከፈተችም። ፋብሪካዎቹ መታየት ሲጀምሩ፦

«ደስ ብሏቸው ነው እኮ የሰጡን» አለች።

«አዎ።»

«ለዚያ ነው የማልፈልገው። ልጃቸው ከሞት የተመለሰ ዕለት ምን ቢጠየቁ ይሰጡ ነበር።»

ይህን ያለችው እሷ እንደሆነች እርግጠኛ ነኝ። እሷ ደግሞ አብረን ነው የወሰንነው ትላለች። እኔ ያኔ የተሰማኝ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ በዚያች ከተማ በመንገድ ባለፍኩ ቁጥር ሰው ሁሉ መርዶ ይዞ እንደመጣ ሰው እንዳያየኝም ፈርቼ ነበር። የትኛው እንዳመዘነ አላውቅም። በማግሥቱ ለታደለ ቤቱን እንደተውነው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስለዚያ ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባትም እንደ እኛ በስልክ ላይ የሩቅ ቤት ፎቶ እያሰፋችሁ የምታመሹ፣ አትግዙ ልላችሁ አይደለም። አቧራው እውነት ነው፣ ደረጃውም እውነት ነው፤ ንጹሕ አየር መመኘት አያስወቅስም። እኔ ግን የተመኘሁት አየሩን ብቻ አልነበረም። ሱቁን ዘግቶ፣ ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ ሳይጠይቅ የሚከተል ሰው ነበር። አገኘሁት፤ አንድ መንገድ እስኪያልቅ ድረስ አገኘሁት። እነዚያ ሰዎች የተከተሉት ግን በመካከላቸው ያደገን ልጅና እናቱን ነበር፤ ያ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሸጥ መስሎኝ ኖሯል። ያን ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ ትልቅ ነገር የለኝም። ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይ ቆሜ ስሙን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይነግረኛል፤ አንዳንዱ ምን ፈልጎ ነው ብሎ ያየኛል። ከላያችን የሚኖሩትን ሰዎች ስም ዘግይቼም ቢሆን አውቄያለሁ። ሂሩት አሁንም ታስላለች።

ቤቱ ሳይውል ሳያድር ተሸጠ፤ በጌትነት በኩል፣ ለማናውቀው ሰው። ታደለ ፉሪ ያለው ቤት ገባ። እማማ በለጡን ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ዋናው ቤት ገና መስኮት አልገባለትም። ደግ ልጅ ነው፤ ማታ ሲገባ መጀመሪያ የእሳቸውን በር ነው የሚያንኳኳው። በቅርቡ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። ጉንጫቸው ላይ ምልክት የለም። የአሸዋ ክምር ፊት ለፊት ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ እስክትመጣ ይጠብቃሉ። ስለ ልጅ ልጆቻቸው፣ ስለ ፉሪ ጭቃ፣ ስለ ጉልበታቸው አወጉን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቤቱን የገዛው ማን ነው? ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም፣ እማማ።»

«ታደለም አያውቀውም። ያንተን ፊት ግን አውቀው ነበር። እናንተ ብትገቡበት ኖሮ ሲጨልም 'አሁን መምህሩ በሩን በእግሩ ገፋው፣ ሚስቱም መስኮቱ ሥር ተኛች' እያልኩ አስብ ነበር። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ስገባ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ለምን ተዋችሁት?»

መልሱን ሂሩት ጀመረች። «እማማ፣ ለእርስዎ ብለን…» አለችና ቆመች።

«ለእኔ?» አሉ እማማ በለጡ።

ያዘኑብን አልመሰሉም። መልሳችንን ነበር የሚጠብቁት፤ ፀሐይዋ ደርሳ እግራቸውን እስክታሞቀው ድረስ ጠበቁን።